ለ139 ሰው ነፍስ ይማር

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ «ቬኬሽን ሄጄ ነበር» ካለ ከሦስት ነገሮች አንዱን አድርጓል ማለት ነው። ወይ ዘመድ ጠይቋል፣ ወይ ሰርግ በልቷል፣ ወይ ደግሞ በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ ላይ የሚደረገውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሰበብ አድርጎ፣ አንድም ጨዋታ ሳያይ ሲጨፍር ሰንብቶ ተመልሷል። አንድን ነገር አይቶ ለመምጣት ብቻ መኪና ማስነሣት ገና አልለመደብንም። «ማን አለህ እዚያ?» ይባላል። ዘመድ በሌለበት ከተማ ሆቴል መክፈል እብደት ነው፤ ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል መክፈል ደግሞ ስድብ።

እኛ ቤት ይህን ሕግ ያፈረሰችው ትልቋ ልጄ ናት። ነሐሴ ላይ እኔና እናቷ እንደ ምንም ብለን አንድ ላይ ፈቃድ አገኘንና የት እንሂድ ተብሎ ምክር ተቀመጠ። እኔ ባሕሩ ዳር አልኩ። ሚስቴ ፊላደልፊያ ሄደን የነጻነት ደወሉን ለልጆቹ እናሳይ አለች። ትንሹ ልጄ ዋና ያለበት ማንኛውም ቦታ ይስማማዋል። ትልቋ የእናቷን ሐሳብ ጠለፈችና «ፊላደልፊያ ከሄድን አይቀር ሙተር ሙዚየም እንግባ» አለች።

«ምን አለበት?»

«የራስ ቅል።»

«ሌላስ?»

«የአንስታይን አንጎል።»

ሚስቴ ነርስ ናት፤ የራስ ቅል አያስደነግጣትም። ጆሮዋ የገባው አንስታይን የሚለው ስም ብቻ ነው። አንስታይን ያለበት ነገር ትምህርት ነው፤ ትምህርት የተባለን ነገር ደግሞ የሐበሻ ወላጅ አይከራከርም።

የቀሩት አማቴ ናቸው። እማማ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ብዙም አልቆዩ፤ ቤት ብቻቸውን ጥለናቸው መሄድ የማይታሰብ ነው። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ይጾማሉ። ሙዚየም ሲባል እሳቸው የሚያውቁት አምስት ኪሎ ያለውን ነው፦ ድንቅነሽንና የነገሥታቱን ዘውድ። ሚስቴ ነገሩን ለማለሳለስ «የሐኪሞች ሙዚየም ነው፣ እማዬ» አለቻቸው። ነገሩ ሐሰት የለበትም። ቤቱ የፊላደልፊያ የሐኪሞች ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጅ ይባል እንጂ ተማሪ የማያስመርቅ፣ በ1787 የተመሠረተ የሐኪሞች ማኅበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ግን እናትና ልጅ የሚሰሙትን መርጠው መስማት ያውቁበታል። በማግሥቱ ጠዋት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ዳቦ ቆሎ በፌስታል፣ በሌላው የጉልበታቸው ራጅ ያለበትን ትልቅ ቢጫ ፖስታ ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ።

ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ፊላደልፊያ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ መንገዱ ግን ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው።

ሙዚየሙ ሃያ ሁለተኛው ጎዳና ላይ፣ በ1909 ኮሌጁ በገባበት የጡብ ሕንፃ ውስጥ ነው። ውጪው ሲታይ የአንድ ሀብታም መኖሪያ ቤት ይመስላል። እማማ የቲኬቱን መስኮት ሲያዩ ካርድ ክፍል መሆኑን ወዲያው ዐወቁና ከሁላችንም ቀድመው ፖስታውን አቀበሉ። ወጣቱ ቲኬት ሻጭ ምንም ግር ሳይለው ራጁን አውጥቶ ወደ መብራት ከፍ አደረገና አገላብጦ አየው።

«ቆንጆ ጉልበት ነው» አለ።

ልጄ ተረጎመችላቸው። «ሐኪም ነው?» አሉ እማማ።

«አይደለም እማማ፣ ቲኬት ነው የሚሸጠው።»

«ታዲያ ምን ያውቃል!» ብለው ፖስታቸውን ነጥቀው ነጠላቸው ስር ከተቱት።

ውስጥ ደግሞ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው ተባለ። ይህ ለልጆቹ ሐዘን፣ ለሚስቴ ደግሞ መርዶ ነበር። ፎቶ ያልተነሣበት ጉዞ በእኛ ዘንድ እንዳልተሄደ ይቆጠራል። ስለዚህ በር ላይ ቆመን በሁሉም አቅጣጫ ተነሣን፤ ዘመድ አዝማድ ዛሬም ድረስ እኛ ፊላደልፊያ ሄደን ያየነው አንድ በር ብቻ ይመስለዋል።

ሙዚየሙ ስሙን ያገኘው ከቶማስ ዴንት ሙተር ነው። ገና በልጅነቱ እናት አባቱን አጥቶ ያደገ፣ ፓሪስ ሄዶ የተማረ፣ ፊላደልፊያ ተመልሶ ስመ ጥር የሆነ ቀዶ ሐኪም። ፊታቸው በእሳት ተጎድቶ አገጫቸው ከደረታቸው የተጣበቀ ሰዎችን፣ ከራሳቸው አንገትና ትከሻ ቆዳ እያዞረ ይጠግን ነበር። ብዙውን ያደረገው ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ነው፤ ኢተር ሲመጣም ከተማው ውስጥ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ እሱ ነው። መሞቻው ሲቃረብ፣ በ1858፣ ለማስተማሪያ የሰበሰበውን ሁሉ ከ30,000 ዶላር ጋር ለኮሌጁ ሰጠ። ሐሳቡ ወጣት ሐኪሞች በሽታን በዓይናቸው እንዲያዩ እንጂ የእኔን ዓይነቱ ቤተሰብ የእረፍት ቀኑን እንዲያሳልፍበት አልነበረም። ከስብስቡ አንዱ የፓሪሷ መበለት የማዳም ዲማንሽ ፊት በሰም የተቀረጸ ምስል ነው። ከግንባሯ መሀል ቁልቁል የወረደ ቀንድ አላት። በ76 ዓመቷ በቅሎ፣ በ82 ዓመቷ በቀዶ ሕክምና ወልቆላታል። ትንሹ ልጄ «ዳይኖሰር!» ብሎ ጮኸ። እማማ አማተቡና «በሰማንያ ዓመቷ ነው የደፈረችው? ጀግና ናት» ብለው አለፉ። እኛም በሰላም የምንጨርስ መሰለን።

ወደ ቅሎቹ ግድግዳ ደረስን።

139 ናቸው። በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በተርታ ተደርድረው ፊት ለፊት ያዩአችኋል። የሰበሰባቸው ዮሴፍ ሂርትል የሚባል የቪየና የአናቶሚ መምህር ነው፤ ሙዚየሙ የገዛቸው በ1874 ነው። በዚያ ዘመን የሰውን ጠባይና የማሰብ ችሎታ ከራስ ቅሉ እብጠትና ስርጉደት እናነባለን የሚሉ «ሊቃውንት» አውሮፓን ሞልተውት ነበር። ሂርትል ይህ ከንቱ መሆኑን ለማሳየት የአውሮፓውያንን ቅል ብቻ ከየአገሩ ለቀመ። ያው አንድ ዘር የምትሉት ሕዝብ ውስጥ ራሱ ሁለት የሚመሳሰል ራስ የለም፤ ታዲያ ከምኑ ነው የምታነቡት? ነበር ክርክሩ። እዚያው ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ሳሙኤል ሞርተን የሚባል ሐኪም በተቃራኒው ከዓለም ዙሪያ ቅል እያስመጣ፣ ውስጡን እየለካ፣ ነጩን ከላይ ጥቁሩን ከታች ሲደረድር ኖሯል። ልጄ ይህን ቀድማ አንብባ ስለነበር ሂርትልን ወዳዋለች። እኔም እንደዚያው።

የሂርትል ልዩ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ቅሎች ላይ በቀለም ስም ተጽፎባቸዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ሥራ፣ የሞቱበት ምክንያት። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉና ግንባሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እያመለከቱ ልጄን ጠሩ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ጂሮላሞ ዚኒ። 20 ዓመቱ። ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ነበር፤ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ።»

«ገመድ ላይ? እናቱ የት ሄዳ?»

«አልተጻፈም እማማ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። «ይሄስ?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሚስቴን አየኋት፤ እሷም ገብቷታል። እማማ ለቅሶ ቤት ነው የገቡት። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደግሞ አንዱን ዘመድ አጽናንቶ ሌላውን አይዘልም።

ሚስቴ «እማዬ፣ ብዙ ናቸው እኮ» አለች።

«ብዙ ቢሆኑስ? ሰው ፊት ቆሞ ዝም ይባላል?»

ልጄ ታነባለች፣ እማማ ነፍስ ይማር ይላሉ። ወታደሩ ነፍስ ይማር፣ ዓሣ አጥማጁ ነፍስ ይማር። የ19 ዓመት የቪየና ልጅ ጋ ስንደርስ ልጄ ድምፅዋ ቆመና ወደ እኔ ዞረች። ሥራዋ ተጽፏል፤ በከተማው የታወቀች ሴተኛ አዳሪ ነበረች። እኔ ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ሚስቴ ሳታመነታ «ሆቴል ነበር የምትሠራው» አለች።

እማማ ትንሽ ዝም ብለው «ቡና ቤት ነው?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ምን ገደላት?»

«ማጅራት ገትር።»

«እኔን! ልጅ ናት እኮ። ነፍስ ይማር።»

ራሱን በጥይት የገደለ ወታደር ጋም ደረስን፤ 28 ዓመቱ፣ ምክንያቱ ሕይወት ሰልችቶት። እዚህ ላይ እማማ ቆዩ። ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንደማታደርግ ያውቃሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «ለእሱስ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ልጄ ይህን ለመተርጎም አልሞከረችም፤ የምትተረጉምለት ሰውም አልነበረም፤ ግን ስታስበው አየኋት።

ከሁሉም ያስደሰቷቸው ጌዛ ኡይርሜኒ ናቸው፤ የ80 ዓመት እረኛ። ድህነት ቢጠናባቸው በ70 ዓመታቸው ጉሮሯቸውን ቆረጡት። ማንቁርታቸው ግን በእርጅና አጥንት ሆኖ ኖሯል፤ ቢላዋው አላለፈም። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያለ ትካዜ ኖሩ ይላል ጽሑፉ። እማማ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «እግዜር ሊያቆይ ሲፈልግ ጉሮሮን አጥንት ያደርገዋል።»

ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። አንድ ረጅም ፈረንጅ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ይህች አስጎብኚ በተጨማሪ ክፍያ ነው ወይስ ቲኬቱ ውስጥ ተካትታለች ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። ቤተሰብ ናት አልኩት። ቅር አለው። ልጄ ደግሞ ከዓመታት በፊት ሙዚየሙ ለአንድ ቅል ማሳደሻ 200 ዶላር ለሚከፍል ሰው ስሙን ከቅሉ ጎን ይጽፍለት እንደነበር አንብባ ነገረቻቸው። እማማ ነገሩን አገናዘቡና «ተዝካር ነዋ! ርካሽ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ በ200 ዶላር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ተዝካር አይወጣም።

ቀልዱን ልተወውና አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ ዳር፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ያየ ሰው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ የራስ ቅል ምን እንደሆነ ያውቃል። የእማማ ዘመን ሰዎች ልጃቸው የት እንደተቀበረ ሳይነገራቸው ያረጁ እናቶች ጎረቤት ሆነው ነው የኖሩት። አጥንት ላይ ስም ተጽፎ ማየት ለእሳቸው ትንሽ ነገር አይደለም። እኔና ልጆቼ ጉድ ልናይ መጣን፤ እሳቸው ግን ጉድ አላዩም፤ ያዩት ሬሳ ነው፤ ሬሳ ደግሞ ወግ አለው።

ወደ ታች ወረድን። ትንሹ ልጄ እስካሁን በትዕግሥት ቆይቶ ነበርና የእሱ ተራ ደረሰ። ሸቫሊየር ጃክሰን የሚባል የጉሮሮ ሐኪም በረጅም ዘመኑ ከሰዎች ጉሮሮና ሳንባ ያወጣቸው 2,374 ነገሮች በመሳቢያዎች ውስጥ ተደርድረዋል፤ መሳቢያውን ራሳችሁ እየሳባችሁ ታያላችሁ። መርፌ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ሳንቲም፣ ምስማር፣ አጥንት፣ የአሻንጉሊት ዕቃ። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ለማያውቅ ተማሪ የሚሰጥ ሜዳሊያ እንኳ አለ፤ ልጁ በዋጠበት ቀን መቼም ትምህርት ቤት ሄደ አይባልም። ጃክሰን ከዚህ በላይ የሠራው ግን ብዙም አይነሣም። በዚያ ዘመን ለሳሙና መሥሪያና ለጽዳት የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍበት በየኩሽናው ይቀመጥ ነበር፤ ሕፃናት ስኳር እየመሰላቸው ይውጡትና ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ይደፈናል። ጃክሰን ለዓመታት ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ በ1927 ዕቃው ላይ «መርዝ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። በጠርሙስ ላይ የምናነበው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሁሉ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ልፋት ነው።

ትንሹ ልጄ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ፣ ዘጋ፣ እንደገና ሳበ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ምን ሆንክ?»

«የእኔ ሳንቲም የለም።»

አምና አንድ ኳርተር ውጦ ነበር። እናቱ ነርስ ናትና «ይወጣል» ብላ ሥራዋን ቀጥላ ነበር፤ ወጣም። ለካ ልጁ እስከዛሬ የሆነ ቦታ በክብር ተቀምጧል ብሎ ያስብ ኖሯል። እማማ አባበሉት፦ «እኛ ዘንድ እንጀራ ጠቅልሎ መዋጥ ነው እንጂ ሐኪም ጋ ማን ይሄዳል? ለዚህ ነው እዚህ የሌለው።»

ከዚያ ወደ ትልቁ አንጀት። ሰውየው በትርዒት ቤቶች ሆዱን እያሳየ ይተዳደር የነበረ፣ በ29 ዓመቱ የሞተ ነው። ሲከፈት አንጀቱ ውስጥ 18 ኪሎ ያህል ዐይነ ምድር ተገኘ። እማማ አንጀቱን ከወዲህ ከወዲያ ተመለከቱና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ተልባ የሚያቀርብለት ጠፍቶ ነው።»

ሚስቴ በሙያዋ ገባችበት። ከልደት የሚመጣ በሽታ ነው፤ አንጀቱን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ሲፈጠር ጀምሮ የሉም፤ ተልባ አይረዳውም ብላ አስረዳች። እማማ በጥሞና አዳመጧት። «ጠጥቶ ሞክሯል?» አሉ። አልሞከረም። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ቻንግና ኤንግ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ መጀመሪያ አዘኑላቸው፣ በኋላ ተቀየሟቸው። በ1811 በሲያም፣ በዛሬዋ ታይላንድ፣ ደረታቸው ተጣብቆ የተወለዱት መንታዎች ናቸው። በመጨረሻ ሰሜን ካሮላይና ሰፍረው፣ ሁለት እኅትማማቾች አግብተው፣ በጠቅላላው 21 ልጆች ወለዱ። ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ሦስት ቀን በአንዱ፣ ሦስት ቀን በሌላው። በ1874 በአንድ ሌሊት ሲሞቱ አስከሬናቸው የተመረመረው በዚህ ኮሌጅ ነው፤ የተያያዘው ጉበታቸውና የደረታቸው የጀሶ ቅርጽ እዚህ ቀርቷል። እማማ «ለሚስቶቹ ማን አዘነ?» አሉ። እኔ ሰዎቹ እርሻ ገዝተው ባሮች ያሠሩ እንደነበር ጨመርኩ። እማማ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተጣብቀውም ባሪያ ይገዛሉ?»

ነፍስ ይማር ሳይሉ አለፉ።

ቁመቱ 2 ሜትር ከ29 የሆነው አጽም ጋ ስንደርስ የጉልበታቸውን ራጅ አውጥተው አስተያዩት። የእሱ ይብሳል ብለው ተጽናኑ። ስሙን ጠየቁ። ስም የለውም። አጽሙ የተገዛው ማንነቱ እንዳይጠየቅ በሚል ስምምነት ነው። «ደብቀው ነዋ የሸጡት» አሉና አጉረመረሙ።

ሳሙና የሆነችው ሴት አጠገቡ ናት። በፊላደልፊያ ተቀብራ የነበረች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሯ ሲቆፈር የሰውነቷ ስብ ወደ ሳሙና መሰል ነገር ተለውጦ የተገኘች። በመጀመሪያ በቢጫ ወባ ወረርሽኝ የሞተች አሮጊት ናት ተብሎ ነበር፤ በኋላ በራጅ ሲታዩ ልብሷ ላይ ያሉት አዝራርና መርፌዎች ያን ያህል ጥንታዊ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ ዕድሜዋም፣ በሽታዋም፣ ስሟም አይታወቅም። አፏ እንደተከፈተ ነው።

«አልተቀበረችም እንዴ?»

«ተቀብራ ነበር። አወጧት።»

«ክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ልጄ የጠቆረውን ሰውነት እያየች «ማንም አያውቅም» አለች።

እማማ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ስም ለሌለው ሰው እንዴት ይጸለያል? ቄሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ትንሽ አሰቡና «ወለተ ማርያም እንበላት፤ ጊዜውም የእመቤታችን ነው» አሉ። ተነሥተውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆሙ። ሌላ ጎብኚ መጥቶ፣ አይቶ፣ ዝቅ ብሎ ከኋላችን ዞሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ቤተሰብ ድምፅ ጠፋ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ልጆቼን አታውቋቸውም። ትንሹ ሽንት ቤት ይለኝ ጀመር፤ ትልቋ ግን አያቷን ክንዳቸውን ይዛ ሃሪ ኢስትላክ ፊት አቆመቻቸው። ይህ ሰው ጡንቻው ቀስ በቀስ አጥንት የሚሆንበት በሽታ ነበረበት፤ ስሙን ፋይብሮዲስፕላሲያ ኦሲፊካንስ ፕሮግሬሲቫ ይሉታል፣ ለመጥራት ራሱ ትንፋሽ ይፈልጋል። ሲሞት የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነበር ይባላል። በ1973 አርባ ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ከመሞቱ በፊት፣ ሐኪሞች እንዲማሩበት አጽሙን ራሱ ሰጠ። በ2006 የበሽታውን መነሻ ዘረ መል ያገኙት ተመራማሪዎች እዚያው ፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ከጎኑ ደግሞ ካሮል ኦርዜል አለች። ያው በሽታ ነበረባት፤ የኢስትላክን አጽም አይታ፣ እኔም ስሞት እዚህ ልቁም፣ ግን ጌጣጌጤ አብሮኝ ይታይ ብላ ተናዘዘች። በ2018 ሞተች፤ በዓመቱ አጽሟና ጌጦቿ አብረው ቆሙ።

እማማ የጆሮ ጉትቻቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እሷ ጎበዝ ናት። ተናዝዛ ነው የመጣችው።»

የአንስታይን ነገር ግን ተናዝዞም አልሆነለትም። በ1955 ሲሞት ሬሳው እንዲቃጠል ነበር ፈቃዱ። የመረመረው ሐኪም ግን አንጎሉን ሳያስፈቅድ አውጥቶ ወሰደ፤ ቤተሰቡ የተስማማው ከሆነ በኋላ ነው። ሙዚየሙ ያለው በስስ የተቆረጡ 46 የመስታወት ስላይዶችን ነው። ሚስቴ ይህን ያህል መንገድ የመጣችበት ጉዳይ ነውና ትንሹን ጎትታ አቀረበችው።

«አየህ? በዚህ ነው ሒሳብ የሚሠራው።»

ልጁ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆየ። «እማ፣ ሒሳቡ አይታይም» አለ።

በ2023 ይህ ቤት ራሱን መመርመር ጀመረ። የማን አጽም ነው? እንዴት መጣ? ሰውየው ፈቅዶ ነበር? የሚሉ ጥያቄዎች ተነሡ፤ ቪዲዮዎች ከዩቲዩብ ወረዱ፤ የሙዚየሙ ወዳጆች ተቆጥተው ለተቃውሞ በሺዎች ፈረሙ። አንዱ ወገን ሙታንን መታያ ማድረግ ነውር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ከሸፈናችኋቸው ማንም አይማርባቸውም፣ ማንም አያስታውሳቸውም ይላል። እኔ ሁለቱንም አንብቤ ፍርዴ ወደ እማማ ያደላል፦ አጽሞቹ ይታዩ፣ ግን ስማቸው ይፈለግ፤ ፈቅዶ የመጣውና ተሰርቆ የመጣው አንድ ተርታ ላይ አይቁም። ባሪያ የገዛውም ይጻፍበት።

የነጻነት ደወሉን አላየነውም፤ ሰዓት አልፏል። ምዕራብ ፊላደልፊያ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እዚያ ገብተን በጾም በያይነቱ አዘዝን። ሚስቴ ልጆቹ ምግብ ይዘጋባቸዋል ብላ ፈርታ ነበር፤ የተዘጋው የእኔ ብቻ ነው። እማማ ሽሮውን እያጠቀሱ ለአስተናጋጇ ከገመድ ስለወደቀው ልጅና ስለ ሽማግሌው ጉሮሮ አጫወቷት። አስተናጋጇ ዘመዶቻችሁ ናቸው ወይ አለች።

እንግዲህ ፊላደልፊያ የምታልፉ ከሆነ ግቡ። ምሳ ሳትበሉ ግቡ። ለሚፈራ ልጅ አይሆንም፤ ሳንቲም ለሚውጥ ልጅ ግን መድኃኒት ነው። የሚቻል ከሆነ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እናት፣ አያት፣ የጎረቤት እትዬ፣ ለቅሶ መድረስ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ለቅሎቹ ግድግዳ ብቻ አንድ ሙሉ ሰዓት መድቡ። እኛ ሁሉንም አልጨረስንም፤ ከግማሽ በላይ ግን ደርሰናል።